አንድ ነጥብ፣ አሥራ አራት የውሃ ጉድጓድ

ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ታየ ማለት መሬቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ ማለት አይደለም። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳልኳት የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቃላችሁ።

ምልክት የሚደራረበው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ነጥቦቹ ለየብቻ ሆነው ምልክቱ ሲገዝፍ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ በ1፡250,000 ካርታ ላይ 1 ኪሎ ሜትር መሬት ይሸፍናል። ስለዚህ ከዚያ ባነሰ የሚራራቁ ሁለት ጉድጓዶች ይደራረባሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ኪውጂአይኤስ ላይ በየነጥቡ ዙሪያ የ500 ሜትር ባፈር ሥሩና እርስ በርስ የሚነካኩትን ፈልጉ። እያንዳንዱ ከራሱም ጋር ስለሚገጥም ራሱን ከቆጠራው አውጡት። ሌየሩን አስቀድማችሁ ወደ ዩቲኤም መቀየር እንዳትረሱ፤ አለዚያ 500 ሜትር ያላችሁት 500 ዲግሪ ይሆንና ጉድ ታያላችሁ።

ጆን ስኖው እኮ ኮምፒውተር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ በኮሌራ የሞቱትን ካርታ ላይ ሲያሰፍር ለእያንዳንዱ ሟች አንዳንድ ጥቁር ጭረት በየቤቱ ደጃፍ ደረደረ። ለአንድ ቤት አንድ ነጥብ ብቻ አድርጎ ቢሆን ኖሮ በብሮድ ስትሪት ፓምፕ ዙሪያ ያለው እልቂት እንደዚያ ጎልቶ ባልታየ።

ሁለተኛው መደራረብ ይብሳል፤ ኮኦርዲኔታቸው ራሱ አንድ ሲሆን። ስታጎሉት ብትውሉ አይለያይም።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ የአንድ ወረዳ የውሃ ተቋማት ካርታ ላከችልኝ። አንዱ ቀበሌ ላይ የምትታየው አንዲት ሰማያዊ ክብ ናት። በጀት የሚደለድሉት ሰዎች "እዚህ ያለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው" ብለው ሊወስኑ ነው። እሷ ምልክቱን ወደ ፖይንት ክላስተር ስትቀይረው 14 የሚል ቁጥር ወጣ! መዝጋቢው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ በወሰደው አንድ ጂፒኤስ ሁሉንም ሞልቶታል።

ፖይንት ዲስፕሌስመንት የሚባለው ደግሞ ነጥቦቹን ዙሪያውን በትኖ ያሳያል። ለዚህ ጉዳይ ግን አልወደውም፤ ያልተለካውን ቦታ የተለካ ያስመስላል። ክቡ ላይ 14 ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ደግሞ ከ14ቱ ስድስቱ "አይሠራም" ተብለው ነው የተመዘገቡት። የትኛው ጎጥ ያሉት እንደሆኑ ከካርታው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ልጅቷ ዞራ ልትለካቸው የሁለት ቀን የሞተር ብስክሌት ነዳጅ ጠይቃለች፤ ስብሰባው ሐሙስ ነው።