ፎሌ ላይ ሲንኳኳ

ኩልመስክ ላይ ሞተር ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከወልድያ በድልብ ወጥቶ ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መንገድ እጥፋትና ዳገት ስለሚበዛበት፣ ባለሞተሩ ብቅ እስኪል ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው የግብርናውን ሞተር ከጤናው፣ የጤናውን ከነጋዴው በጆሮው ይለያል። «ይቺ ደግሞ የማን ናት እንዲህ የምትንኳኳው?» ከተባለ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ፍሪሲዮኗ ነው። እውነት ፍሪሲዮን መሆኑና ፍሪሲዮን ነው መባሉ ግን ለየቅል ናቸው፤ በሁለቱ መካከል የስንት ሰው ኪስ ተራቁቷል።

የእኛን ዳገት የመሰለ መንገድ የሚመረጥበት፣ ትራያል የሚባል የሞተር ውድድር በፈረንጅ አገር አለ። ፍጥነት አይለካበትም። ተወዳዳሪው መቀመጫ በሌላት ቀላል ሞተር ላይ ቆሞ ቋጥኝ ይወጣል፣ ጅረት ይሻገራል፣ በገደል አፋፍ ይዞራል። እግሩ አንድ ጊዜ መሬት ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ ከነካ 2፣ ከዚያ ካለፈ 3፣ ከወደቀ 5 ይመዘገብበታል፤ ነጥብ የበዛበት ተሸነፈ። ስኮትላንዳውያን ስድስት ቀን የሚፈጀውን ውድድራቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ቶኒ ቦው የሚባለው ስፔናዊ ደግሞ ከ2007 አንስቶ የዓለምን ዋንጫ በየዓመቱ እየሰበሰበ ሌላውን ተስፋ አስቆርጧል። ግን እሱ ሲወጣ ከኋላው የተጫነ ነገር የለም። የላስታ የጤና ባለሙያ ያንኑ ቋጥኝ ሲወጣ የክትባት ሣጥን አስሮ ነው፤ አንዳንዴም ከሣጥኑ ፊት መንገድ ያደከማቸው አንድ ቄስ ተፈናጠዋል። እግሩ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ የሚቆጥርለት የለም። አበልም ቢሆን በነጥብ አይታሰብም።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ላይ ገደብ ስትጥል የከተማው ሰው በታክሲም በእግሩም ተወጣው። ተራራ ለተራራ ለሚሠራ ሰው ግን ሞተሩ እግሩ ነው። እግሩ ደግሞ በግራ እጁ ጣቶች ላይ ተንጠልጥሏል። በድንጋይ መካከል ስትወጣ ነዳጁን በቀኝህ ትሰጣለህ፣ ፍሪሲዮኑን በግራህ ግማሽ ይዘህ ግማሽ ትለቃለህ፤ ሙሉ ከለቀቅህ ሞተሩ ይጠፋል ወይም ይዘልብሃል፣ ሙሉ ከያዝህ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። ከፍታውም አያግዝም። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ የአቡነ ዮሴፍ ራስ እኮ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየር ያነሰው ባለካርቡራቶር ሞተር ጉልበቱ ሲሶ ያህል ይጎድላል። የጎደለውን የሚሞላው ማነው? እዚያው ፍሪሲዮን ላይ ያሉት ጣቶች።

ያማሃ ይህን ሳያስብ አልቀረም። ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬ የሠራት ኤጂ 200 የፍሪሲዮን እጀታዋ ላይ መቆለፊያ አላት፦ ገበሬው ማርሽ እንዳስገባ ፍሪሲዮኑን ቆልፎ ይወርዳል፣ የበጎቹን በር ይከፍታል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ተዳፋት ላይም ቢሆን ዘንበል አድርጎ የሚያቆምበት ማቆሚያ በግራም በቀኝም አላት። የእኛ ሰው በብዛት የሚነዳው ግን ለለጥ ያለ አስፋልት ታስቦ የተሠራ የህንድ ሞተር ነው፤ ለእኛ ዳገት ማን አስቦ ያውቃል?

ኩልመስክ ላይ መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ወጣት ሞተር ሠሪ አይቻለሁ። አጠገቡ በሃይላንድ ቤንዚን የሚሸጥበት ሳንቃ አለ፤ መሣሪያው በጣሳ ውስጥ ተደባልቆ ተቀምጧል። አንድ ጎልማሳ የሚንኳኳ ሞተራቸውን አቁመው ገና ሳይወርዱ ፍርዱን ሰጡ።

«የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። ሸራውን ቀይርልኝ።»

«ቆዩ ጋሼ፣ እስቲ እሷ ትናገር። ፎሌ አድርጓትና ፍሪሲዮኑን ያዙት።»

ያዙት። ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ጸጥ አለ።

«ልቀቁት።»

ለቀቁት። ቀጭ ቀጩ ተመለሰ።

«አሁን ገና ተግባባን» አለ ልጁ፤ መፍቻ ግን አላነሳም።

ይህች ያዝ ለቀቅ የዕውቀቱ ግማሽ ናት። ፎሌ ላይ፣ ማርሽ ሳይገባ ማለት ነው፣ ፍሪሲዮኑ ተለቅቆ የሚንኳኳ፣ ሲያዝ ግን ዝም የሚል ከሆነ፣ ነገሩ ያለው ሸራዎቹ በሚሰደሩበት ቤት አካባቢ ወይም ከኋላው ባለው የካምቢዮ ኩሽኔታ ላይ ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ሲለቀቅ ዝም ብሎ ሲያዝ ሲርር የሚል ከሆነ፣ ገመዱ ሲሳብ ሸራዎቹን የሚገፋው ትንሹ ኩሽኔታ ነው የሚጮኸው። ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ይዞ ቆሞ የሚያወራ ሰው ይህችን ኩሽኔታ ቶሎ ይጨርሳታል፤ መንገድ ላይ ዘመድ ሰላም የምንልበትን ጊዜ ለሚያውቅ ይህ አያስደንቅም። ተይዞም ተለቅቆም ድምፁ ያው ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በሌለበት ነው የሚታማው።

ልጁ ቀጥሎ ረዥሙን ካቻቪቴ አነሳና ጫፉን የፍሪሲዮኑ ክዳን ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ አደረገ፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። ክዳኑ ላይ አዳመጠ፣ ሲሊንደሩ ላይ አዳመጠ፣ ወደ ክዳኑ ተመለሰ። ከዚያ ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረገው። ድምፁ ቀነሰ፤ አልጠፋም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞው በጣም ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ፍንዳታ የፍሪሲዮኑን ቤት ይገፋዋል፣ በሁለት ፍንዳታ መካከል ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያ መመላለስ ያንኳኳል። ስንት «ፍሪሲዮን» በግማሽ ዙር ካቻቪቴ ተፈውሷል! ይችኛዋ ግን ትንሽ ሕመም ነበረባት።

ሞተሯን ማዳበሪያ ላይ በግራ ጎኗ አስተኛት። ክዳኑ በቀኝ ስለሆነ ዘይቱ ሳይፈስ ይከፈታል፤ ዘይት ውድ ነው። በሳሙና ካርቶን ቁራጭ ላይ የክዳኑን ቅርጽ በእርሳስ ሳለና እየፈታ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ካርቶኑን በስቶ ሰካ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ ረዥሙን በአጭሩ ቦታ ያሰረ ሰው ክዳን ይሰነጥቃል። ጓርኒሲዮኑን እንዳይቀደድ በምላጭ ቀስ ብሎ አላቀቀው።

ሸራዎቹን እያወጣ በተራቸው ደረደረ፤ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ሸራ። ሸራው ገና ውፍረት ነበረው። ብረቶቹን አንድ በአንድ በተሰበረ የመስኮት መስታወት ላይ እያጋደመ በጥፍሩ ጠርዛቸውን ነካ ነካ አደረገ፤ የተጣመመ ካለ ይወዛወዛል። ሙቀት የበላው ብረት ሰማያዊ መልክ ያወጣል፤ አንዱም አላወጣም። የቤቱ ጣቶች ላይ ግን ሸራዎቹ የቀረጹት ትንንሽ ጉድባ ነበር። ጉድባ ሲኖር ሸራው እዚያ ይያዝና ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ሞተሩን ያስበረግገዋል። ልጁ በሞረድ ለስለስ አደረገው፤ ብዙ አልሞረደም፣ ምክንያቱም ሞረድ ያለውን ብረት ይቀንሳል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ጉድባው ጠልቆ ቢሆን ቤቱ መለወጥ ነበረበት።

ዋናው ተጠያቂ ግን መሃል ላይ ነበር። ሁሉንም የሚያስረው ትልቁ ዳዶ በእጅ ይዞራል። ዳዶው ሥር ያለው መቆለፊያ ቆርቆሮ ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ጠርዙን ሳያጥፈው ትቶታል፤ ዳዶው በየዳገቱ ሲላላ ኖሯል። ልጁ ማርሽ አስገብቶ፣ ባለቤቱን የኋላ ፍሬኑን በእጃቸው አስይዞ፣ ዳዶውን አጠበቀና ቆርቆሮውን አጠፈበት። ሸራዎቹን በዘይት እያረጠበ መለሰ። የሞላዎቹን ብሎኖች አንዱን ትንሽ፣ ትይዩውን ትንሽ እያለ እየተሻገረ አሰረ። መጨረሻ ላይ ገመዱን አየ፦ እጀታው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ባዶውን መጫወት አለበት፤ ከጠበቀ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ እንደተያዘ ነው፣ ሸራም የሚበላው ያኔ ነው።

«ዘይቱስ የምን ነው ጋሼ?»

«የመኪና። ጥሩ ነው ብለውኝ።»

ለመኪና ጥሩ ነው። በብዙው ሞተር ግን ፍሪሲዮኑ እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ላይ ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የተጨመረው ማለስለሻ ሸራውን ያንሸራትተዋል። ጃፓኖች ለዚህ ብለው ጃሶ ኤምኤ የሚባል መለኪያ አውጥተዋል፤ ጽሑፉ ጣሳው ጀርባ ላይ ነው፣ ማንበብ ነፃ ነው።

ሞተሯ ተነሣች። ሚኒሞው ላይ ድብ ድብ ከማለት በቀር ድምፅ የለም። ሰውየው ደስ አላቸው፤ የእጅ ዋጋው ሲነገራቸው ግን ደስታው ቀዘቀዘ።

«ሸራ ሳትቀይር?»

ይህችን ጥያቄ ከላስታ እስከ አዲስ አበባ፣ ከሞተር እስከ ቴሌቪዥን ሠሪ ቤት እሰማታለሁ። ለዕቃ እንከፍላለን፤ ዕቃ እንዳንገዛ ላደረገን ሰው መክፈል ግን ይከብደናል። ያ ልጅ ሳያዳምጥ ሸራ ቢቀይር ኖሮ ሰውየው ሳይከራከሩ ከፍለው፣ የላላውን ዳዶ ይዘው፣ እያንኳኩ ይሄዱ ነበር። መካኒክ ሁሉ ለምን ዕቃ ቀይር ቀይር ይላል ብለን የምናማርረውም እኛው ነን። ሠሪው ምን ያድርግ? የሚከፈለው በሚቀይረው ነው።

ሰውየው ትንሽ አጉረምርመው ከፈሉ፤ ይመስገኑ። እናንተም ሸራ ለመግዛት ወልድያ ከመውረዳችሁ በፊት ፎሌ አድርጋችሁ ፍሪሲዮኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ድምፁ ካልተለወጠ ፍሪሲዮኑን ተዉት፤ ከተለወጠ ደግሞ ለሚያዳምጥ ሰው አሳዩት፣ ምንም ባይቀይርላችሁም ክፈሉት።