ከእንዳ ኢየሱስ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

  እማዬ ዓይኗን ታከመች ወይስ አሁንም «ከፋሲካ በኋላ» እያለች ነው? ቁርጡን ጻፍልኝ።

እኔማ መቀሌን ለምጃታለሁ፤ ካልጠፋ ሰው እኔን መንገድ የሚጠይቁኝ አሉ። ሽሮ 150 ብር፣ ማኪያቶ 50። ትናንት ከሮማናት አደባባይ እዚህ እንዳ ኢየሱስ ለመምጣት ባለ ባጃጁ 200 ብር አለኝ። ስከራከረው «እንግዲያው በእግርህ ውጣዋ!» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ወጣኋት! ጣልያን በ1888 መሽጎባት፣ እቴጌ ጣይቱ ውኃውን ያስያዙባት ኮረብታ ናት። ውኃው ዛሬም እንደልብ አይገኝም፣ በጄሪካን ነው የምንኖረው።

ጥሕሎ በላሁ። የገብሱን ድብልብል በባላ እንጨት ወግተህ ወጡ ውስጥ ትነክራለህ፤ የእኔ ሁለቴ ወጡ ውስጥ ሰምጦ አሳቀብኝ። ይጣፍጣል፤ ግን የሐረር ሸዋ በር ፈጢራ በዓይኔ ላይ ነው።

አንተ የምትወደውን ወሬ ልንገርህ። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ የሊጉን ዋንጫ ወስዶ፣ በጦርነቱ ከሊጉ ወጥቶ፣ በ2017 ተመልሷል። አከራዬና ጎረቤታቸው ግን ቡና ላይ የሚጣሉት በሱ አይደለም። አከራዬ የትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጎረቤታቸው የጉና ንግድ ደጋፊ ናቸው። ሁለቱም የመቀሌ ክለቦች ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም የሉም። አከራዬ ቀለሙ የለቀቀ ማሊያ ከፌስታል አውጥተው ሲያሳዩኝ ጎረቤትየው «እሷን ለብሳችሁ ነው የተሸነፋችሁት» አሏቸው። ተኮራረፉ፤ ሁለተኛው ቡና ሳይደርስ ታረቁ።

የድርጅት ክለብ ዕጣው ይኸው ነው አቦ፤ በጀት ሲቆም ደጋፊውን የሚያማክር የለም። ሙገር ሲሚንቶስ? ሐረር ቢራስ፣ ፋብሪካው ለሄኒከን ከተሸጠ በኋላ የት ደረሰ? ንግድ ባንክ ብቻ ነው ፈርሶ ተመልሶ፣ በ2016 ዋንጫውን የበላው። ያንን ለሐረር ቢራ ስንጮህ ድምፃችን የተዘጋበትን እሑድ ለአከራዬ ነግሬያቸው «የእናንተም ጠፋ?» ብለው ቡና ጨመሩልኝ። የዚያን ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ማሊያዬን ለማንም እንዳትሰጥብኝ! የላክሁት ብር ደረሰ? ትንሹስ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ተመዝግቧል? በኮምፒውተር ነው ይላሉ፤ ከአሁኑ ይለማመድ፣ ለኢንተርኔት ቤት የሚሆነውን እኔ እልካለሁ።

ወንድምህ