ሰሌዳ ፊት ያሳፈርናቸው አባት

ውድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ዛሬ የምናካፍላችሁ የራሳችንን ጥፋት ነው። ልብስ ስፌትም ይሁን ኮምፒውተር ወይም የመንጃ ፈቃድ ትምህርት፣ አዋቂ ሰው የምታስተምሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

እኛ ደሴ ውስጥ በአንድ መስጂድ ኢማማችንን የምናግዝ ሦስት ወንድማማቾች ነን። ረመዷን ሲቃረብ ነጋዴዎች ስለ ዘካ ሊጠይቁ ይመጣሉ። «የሱቅዎ ዕቃ ስንት ያወጣል? በእጅዎ ስንት አለ? በዱቤ የሄደውስ?» ስንላቸው ብዙዎቹ «እንጃ ልጄ፣ በግምት ነው» ይሉናል። ከመቶ ሁለት ብር ተኩል ለማውጣት ግን መጀመሪያ መቶው መታወቅ አለበት። ስለዚህ ከዒሻ ሶላት በኋላ በመስጂዱ አዳራሽ የንግድ ሂሳብ አያያዝ ማስተማር ጀመርን።

በመጀመሪያው ምሽት 26 ሰው መጣ። እህል ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ ባለ ሻይ ቤት፣ የባጃጅ ሹፌር። እኛም ዴቢትና ክሬዲት የሚለውን ከመጽሐፍ ገልብጠን ሰሌዳው ላይ ደረደርን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርን። እነሱ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉ ናቸው፤ ግማሾቹ አንቀላፉ። በሦስተኛው ሳምንት 11 ሰው ቀረ። እኛም «የዘንድሮ ሰው ዕውቀት አይፈልግም» ብለን አማናቸው።

በዚያው ሳምንት ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸውን አንድ እህል ነጋዴ አባት ወደ ሰሌዳው ጠራናቸው። መቀነሱ ላይ ተሳሳቱ። «አባባ፣ ይሄ እኮ የሦስተኛ ክፍል ነው!» አልናቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጠመኔውን አስቀምጠው ቦታቸው ተቀመጡ። በማግስቱ አልመጡም። ቃሉ የወጣው ከአንዳችን አፍ ነው፤ ሁለታችን ግን ዝም ብለን አይተናል፤ ጥፋቱ የሦስታችንም ነው።

ከጁሙዓ በኋላ ይቅርታ ልንጠይቅ ሱቃቸው ሄድን። ገበያተኛ ስለነበር ቆመን ጠበቅን። ባቄላ እየሰፈሩ ሂሳቡን ያለ ወረቀት ያወጣሉ። ዱቤ የወሰደ ሲመጣ ከግድግዳው ላይ የካርቶን ቁራጭ አወረዱ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ምልክት አላቸው፤ የቀረበት በሰረዝ ተቆጥሯል። አፈርን። ከእኛ ትምህርት በፊት እኚህ ሰው መዝገብ ነበራቸው።

ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ልጄ፣ ቁጥሩ አላቃተኝም። የልጄ እኩያ ፊት መሳቂያ መሆኑ ነው ያቃተኝ» አሉን። «እመለሳለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ግን አታውጡኝ።»

መንገዱን ሁሉ ዝም ብለን ተመለስን። ምክንያቱም የሙዓዊያ ኢብኑል ሐከምን ሐዲስ ሦስታችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሕጉን ሳያውቅ ሶላት ውስጥ ተናገረ፤ ሰዎች በዓይናቸው ገረመሙት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሶላቱ ሲያበቃ ሳይቆጡት፣ ሳይሰድቡት አስተማሩት። እሱም ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ አላየሁም ብሎ መሰከረ። ሐዲሱን ቀርተነዋል፤ ያስተማርነው ግን በአለንጋ ባደግንበት ልማድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አካሄዳችንን ለወጥን።

አንደኛ፣ ትምህርቱን ከእነሱው ወረቀት ጀመርን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ አንጂኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብና መጻፍ ያስተማረው ከራሳቸው ኑሮ ከወጡ ቃላት ተነስቶ ነው። እኛም ሁሉም የዱቤ ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ ነገርን። ያንን «የተሸጠ፣ እጅ የገባ፣ በዱቤ የቀረ» በሚሉ ሦስት ዓምዶች ገለበጥነው። አባታችን በአንድ ቀን የ4,500 ብር እህል ሸጠዋል፤ 1,200 ብሩ ዱቤ ነው። እጃቸው የገባው 3,300 ብር ብቻ ነው። «ለካ የማላገኘውን እያወጣሁ ነው ለዕቃ መግዣ የሚያጥረኝ!» ብለው ራሳቸው ደረሱበት። እኛ አልነገርናቸውም።

ሁለተኛ፣ ንግግራችንን ከ15 ደቂቃ አናሳልፍም። የቀረው ጊዜ እነሱ የሚሠሩበት ነው።

ሦስተኛ፣ በየምሽቱ መጀመሪያ የባለፈውን ወረቀት ሳያዩ እንዲያስታውሱ እናደርጋለን። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ራሱን ፈትኖ ማስታወስ ከሳምንት በኋላ የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይተዋል። መድረሳ ያደገ ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ የትናንቱን ኡስታዙ ፊት ሳናሰማ አዲስ አንቀበልም ነበር። ከመድረሳ መያዝ የነበረብን ይህንን ነበር፤ እኛ የያዝነው ግን አለንጋውን ነው።

አራተኛ፣ ስህተትን አጠገባቸው ተቀምጠን በዝግታ እናርማለን። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው እኛ ሆን ብለን የተሳሳትነው ሂሳብ ነው፤ እነሱ ያርሙናል። እኛ ላይ ሲሳቅ ማንም አይጎዳም።

አምስተኛ፣ የገበያ ቀን ትምህርት የለም። ደክሞት የመጣን ሰው በእንቅልፉ መውቀስ ግፍ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ አባታችን ዘንድሮ ዘካቸውን ራሳቸው አስልተው ደብተሩን ይዘው መጡ። ከቀሩት መካከልም ስምንት ሰዎች ተመለሱ። የቀሩት ሰባቱ ግን እስካሁን አልመጡም። የትኛው ቃላችን እንዳስቀየማቸው እንኳ አናውቅም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ለአላህ ብላችሁ ዐፉ በሉን። አዳራሹ ክፍት ነው፤ ወረቀታችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀትን፣ ከዕውቀቱም ጋር አደብን ይወፍቀን።