መጀመሪያ ሚዛኑ



ከሃይድሮጅን የሚመጣውን የ21 ሴንቲ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ለመቀበል ከካርቶንና ከአሉሚኒየም ፎይል አንቴና ሠራን። በ1420 ሜጋኸርዝ ላይ ምልክት ስናይ «አልሐምዱሊላህ፣ ፍኖተ ሐሊብን አገኘን!» ብለን ለጀመዓው ሁሉ አወራን። አንቴናውን ወደ መሬት ስናዞረው ግን ምልክቱ አልጠፋም፤ ለካስ የሚመጣው ከራሳችን ላፕቶፕ ኖሯል። አፈርን። ቢሆንም ከሶላት በኋላ ተነስተን ስህተታችንን ተናገርን።

አሁን ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት አንቴናውን አንዴ 300 ኬልቪን ገደማ ወደሆነው መሬት፣ አንዴ ወደ ቀዝቃዛው ሰማይ እናዞራለን። ሁለቱን ስናነጻጽር የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን፤ ካርታውን የምንሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ሙሓሰባስ ይኸው አይደል? ሌላውን ከመመዘን በፊት ራስን መመርመር። አላህ ሚዛናችንን ያስተካክልልን።