እናቴ፣ ሁለት ውሾችና የአውሮፓ ጉዞ

ጋርላንድ ባለው ቤታችን የአውሮፓ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ሁለት ወር ሆኖታል። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ጉዞንም በሰንጠረዥ ካላቀድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዕቅዱ ይህ ነው። ከዳላስ ፎርት ዎርዝ ተነስተን በአሥር ሰዓት ገደማ በረራ ፍራንክፈርት እንገባለን። እዚያ መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሮስቶክ ወደብ እንነዳለን። መኪናውን መርከብ ላይ ጭነን በስድስት ሰዓት ገደማ ስዊድን፣ ትሬሌቦርግ እንደርሳለን። ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪዬን ወደተማርኩባት ስቶክሆልም። ከስቶክሆልም ሌሊቱን በመርከብ ተጉዘን ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ላይ እንወርዳለን። ከሄልሲንኪ ወደ ጀርመን የምንመለሰው ደግሞ ሠላሳ ሰዓት ገደማ በሚወስድ መርከብ ነው።

ውሾቻችን ቡቺና ቦቢ ይባላሉ። ትንንሾች ስለሆኑ በቦርሳ ከአውሮፕላን ወንበር ሥር ይገባሉ። ችግሩ አየር መንገዱ ለአንድ ተሳፋሪ አንድ ውሻ ብቻ መፍቀዱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል። ያለችኝ ደግሞ እናቴ ናት። እናቴ ውሻ አትነካም። ቡቺ ሲጠጋት ነጠላዋን ሰብስባ ከወንበሯ ትነሳለች።

እዚህ ያደጉት የእህቴ ልጆች "አያታችን ውሻ ለምን ትጠላለች?" ብለው ይጠይቁኛል። "አገር ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሳሎን አይገባም" ብዬ አልፋቸው ነበር። ትክክለኛውን መልስ ያወቅሁት በጉዞው ወረቀቶች ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ማታ እናቴ ሻይ ይዛ መጣችና "ይህ ሁሉ ወረቀት ለውሻ ነው?" አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ መጀመሪያ ቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይቀበርለታል። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል። ክትባቱ ከማይክሮቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም። የመጀመሪያው ክትባት ከሆነ 21 ቀን ይጠበቃል። የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት ይሞላል፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያጸድቀዋል። ከጸደቀ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ አውሮፓ መድረስ አለብን። ስዊድን ስንገባ ውሾቹን ለጉምሩክ እናሳውቃለን። ፊንላንድ ደግሞ ከመድረሳችን በፊት፣ ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የኮሶ ትል መድኃኒት እንዲወስዱ ትጠይቃለች።

"ውሻም ኮሶ ይጠጣል?" ብላ ሳቀች።

"ከኢትዮጵያ ብንነሳ ኖሮ የደም ምርመራም ይጨመር ነበር" አልኳት። "ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ ነበረብን።"

"ለምን?"

"የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ገና ስላልጠፋ ነው።"

ሳቋን አቆመች። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ደብረ ታቦር፣ ልጅ ሳለች፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ቶሎም ዳነ። ከሳምንታት በኋላ ግን ልጁ ውሃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠበል ወሰዱት። አልተረፈም። አብረው ይጫወቱ ነበር።

"እኔ ውሻ አልጠላም፤ እፈራለሁ እንጂ" አለችኝ።

ፍርሃቷ ምክንያት አለው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረው በ1885 ነበር። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የበሽታው ዓይነት ከምድሯ መጥፋቱን ያስታወቀችው በ2007 ነው። ያ ክትባት ለእናቴ ጎረቤት ልጅ አልደረሰለትም። ለእሷ የነበራት መከላከያ መራቅ ብቻ ነበር። እኔ "ባህል ነው" ብዬ ያለፍኩት ነገር፣ የአውሮፓ ጉምሩክ በወረቀት የሚጠይቀኝ ያው ጥንቃቄ ነው።

ሙቀቱ ሲበርድ ለልምምድ ወደ ጋልቬስተን ሄድን። ሀይዌይ 45 ከዳላስ ተነስቶ እዚያው ባሕሩ ዳር ያደርሳል፤ ርቀቱ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጋልቬስተን ወደ ቦሊቫር መኪና የሚያሻግር መርከብ አለ፤ ክፍያ የለውም፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እናቴ ከፊት ተቀመጠች፤ ውሾቹ ከኋላ በየቦርሳቸው። ከመንገድ በፊት የክትባት ወረቀታቸውን አሳየኋት። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

መርከቡ ጥሩምባውን ሲነፋ ቦቢ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። እናቴ ዞር ብላ ቦርሳው ላይ እጇን አሳረፈች፤ "አይዞህ" አለችው። ውሻውን አልነካችም፤ ቦርሳውን ብቻ። እስክንሻገር ግን እጇን አላነሳችም።

የቀረን ብዙ ነገር አለ። የተከራየነውን መኪና በመርከብ ለማሻገር የአከራዩን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ውሻ የሚገባባቸው የመርከብ ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው መያዝ አለባቸው። ስንመለስም ከኦገስት 2024 ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት ለየውሻው ቅጽ ይሞላል።

ትናንት ማታ እናቴ ካርታው አጠገብ ቆማ ባልቲክ ባሕርን በጣቷ ተከተለች። "ፓስፖርቴ መቼ ነው የሚያልቀው? እስቲ እየው" አለችኝ። ከዚያ ጨመረች፦ "እኔ የምይዘው ግን ቦቢን ነው። ቡቺን አንተ ያዝ።"

እናንተም ወላጆቻችሁ የሚፈሩት ነገር ካለ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቋቸው። በአማርኛ ጠይቋቸው፤ ታሪኩ የሚመጣው በዚያ ነው።