በየወሩ ስምንት ሺህ

ከእዳ ሁሉ የሕክምና እዳ ለብቻው ነው። የቤቱን፣ የመኪናውን፣ የንግዱን እዳ ሰው አስቦበት፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ ዋስ ለምኖ ይገባበታል። የሕክምናውን ግን ባለዕዳው ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ ሳለ በስሙ ይመዘግቡበታል። በባንክ የብድር ክፍል ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስቀበል ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ልዩነት በውል የተረዳሁት ግን እኔው ራሴ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከጠያቂዎቹ ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አባቴ በሳንባ ምች ታሞ ትንፋሽ አጠረው። በመንግሥት ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን አልጋ ስላልተገኘ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድነው። ሲገባ 60,000 ብር ማስያዣ ጠየቁን፤ ከፈልን። ነፍሱ ተረፈች፤ ተመስገን። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሂሳቡ ሲጠቃለል 212,400 ብር ሆነ። በመሐል 38,000 ከፍለን ስለነበር የቀረብን 114,400 ነበር። በሽተኛው ድኗል፣ ሐኪሙም ፈርሟል፤ መውጫ ወረቀቱ ግን የሚሰጠው የገንዘብ ክፍሉ ማኅተም ሲያርፍበት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «ዕድር የላችሁም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። እናቴ የሁለት ዕድር አባል ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ወር ሳታጓድል ከፍላለች። የእኛ ሰፈር ዕድር ግን ድንኳን የሚተክለውም ገንዘብ የሚያወጣውም ለሞተ ነው። አባቴ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ገንዘቡ ቤታችን በደረሰ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ሊጠይቁን መጥተው «እግዜር ይማርልን» ብለው ሁለት ኪሎ ብርቱካን አኖሩ። ደግነታቸውን አልጠራጠርም፤ ደንቡ እንዲያ ስለሆነ ነው።

መድኅንስ? ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ፣ ቁጥር 690፣ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። አባቴ ሲታመም፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በገጠር ተስፋፍቷል፤ ሰሜን ሸዋ የሚያርሰው የአባቴ ወንድም መታወቂያ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይታከማል። ገበሬው ዋስትና ነበረው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረው ወንድሙ አልነበረውም።

ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ታላቁ የእናቴ ወንድም «በወር ሃያ ሺህ እንከፍላለን በሏቸው፤ በሰው ፊት አናንስ» አሉ። ሌላው ዘመድ በወር በመቶ አሥር የሚያበድር ሰው አውቃለሁ አለ፤ አራጣ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። እናቴ ምንም ሳትናገር የአንገት ሐብሏን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሦስቱንም ተቃወምኩ። የሆስፒታሉ እዳ ወለድ የለውም፤ ወለድ የሌለውን እዳ ወለድ ባለው ገንዘብ መክፈል ከገደል ሸሽቶ ወደ ገደል መግባት ነው። ወርቁም የመጨረሻ መጠባበቂያችን ነበር፤ አባዬ ገና ተመላላሽ ሕክምና ነበረበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እኔም ይህችን ሲሶ መለኪያ አድርጌ ተዋስኳት። እጄ ከሚገባው 12,600 ብር 4,000፣ ከወንድሜ 2,500፣ ከእኅቴ 1,500፤ ድምሩ 8,000።

«ስምንት ሺህ! ያፍሩብናል» አሉ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ሃያ ሺህ ብለን በሁለተኛው ወር ብንቀር የባሰ እናፍራለን» አልኳቸው። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ሁሉም ሲተኛ በገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ሁለት ስንኝ ጫርኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋልኝም፦

ሕመም ብቻውን ቢሆን፣ ባንድ አልጋ ይቀራል፤
ሂሳቡ ግን ተነሥቶ፣ በየትራሱ ያድራል።

ያቻኮለኝ ሌላም ነገር ነበር። አባቴ መርፌ ሊወጉት ሲመጡ «ይህችኛዋ ስንት ናት?» ብሎ ነርሷን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እናቴ «ሁሉም ተከፍሏል» ብትለውም የሒሳብ መምህር ነውና አላመናትም። ሲያስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በብርድ ልብስ ያፍን ነበር። አንድ ቀንማ ክኒኑን ከትራሱ ሥር አገኘነው። እዳው ልክና መልክ ካልያዘ አባቴ ሕክምናውን እንደሚያቋርጥ ገባኝ።

የገንዘብ ክፍሉ ኃላፊ የረጋ አነጋገር ያላቸው ሴት ነበሩ። «ግማሹን ዛሬ፣ ቀሪውን በሦስት ወር» አሉኝ።

«በሦስት ወር ብዬ ልፈርምልዎ እችላለሁ፤ መክፈል ግን አልችልም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። የሦስታችንንም የደመወዝ ማስረጃ ዘረጋሁላቸው። «አባቴ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር 1,800 ብር የአልጋ ይጨመራል። እኛን ይዞ ማቆየት እዳውን ያሳድገዋል እንጂ አያስከፍለውም። አልጋውንም የሚጠብቅ በሽተኛ አይጠፋም።»

የጠየቅሁት ይህ ነበር፦ ከእኅቴ ዕቁብ ተራ ለምነን ያገኘነውን 34,400 ዛሬ፤ ቀሪውን 80,000 በአሥር ወር፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በሚወድቅበት በመስከረም ምንም እንዳንከፍል፤ ሐኪሙ ከፈረመ በኋላ ያለው የአልጋ ሂሳብ እንዲሰረዝ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ሲመለሱ ሁሉንም ተቀብለዋል፤ ግን ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ አሉኝ። (ጳጉሜን እንደ ወር የቆጠራት አልነበረም።)

ዋስ የሆነችኝ አጠገቤ የምትሠራ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሳታነብ ልትፈርም ብዕሯን አነሣች። «አንብቢው» አልኳት። «በአንድነትም በነጠላም ኃላፊ» የምትለዋን ሐረግ በየቀኑ ለሌሎች ስናነብ ነው የምንውለው። አነበበች፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ከዚያ ፈረመች። ከዚህ ቀደም እንዲያ ያለ ውለታ የዋለልኝ ሰው አላስታውስም።

አባቴ ቤት እንደገባ የክፍያውን ሠንጠረዥ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ከታኅሣሥ ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ወረደ።

«መስከረምን ለምን ዘለልካት?»

ነገርኩት።

«ወለዱስ?»

«የለውም አባዬ።»

እንደገና ደመረው። ከዚያም ወደ እናቴ ዞሮ «ያን ክኒን አምጪው» አላት።

የመጨረሻውን 8,000 ብር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የከፈለው ራሱ ነው፤ ገንዘቡን ከእኔ ተቀብሎ በታክሲ ሄደ። ደረሰኙን ይዞ አልተመለሰም፤ ዋሷ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም እስኪያርፍበት ድረስ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ጠበቀ። በማግስቱ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ደብዳቤውን ለባልደረባዬ በእጇ ሰጣት።