ከመብራቱ በፊት ሮቶው
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው መብራት እስኪገባለት ባይጠብቅ እላለሁ፤ ቅድሚያው ለሮቶ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያው ነው። 1,000 ሊትር ውሃ 40 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ ፓምፑ ግማሹን ኃይል ቢያባክን እንኳ፣ ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ይበቃል። ይህን ጥቂት የሶላር ሰሌዳዎች በቀን ይሸፍኑታል፤ ባትሪም አያሻም፣ የሚጠራቀመው ውሃው ነውና። ሮቶው ከቧንቧው 10 ሜትር ከፍ ካለ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል (ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሮቶውን የሚሸከም ማማም ላያስፈልግ ይችላል)። የጉና ተራራ ደመና በክረምት ፀሐዩን ይጋርዳል የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን ያን ጊዜ ቆርቆሮው ራሱ ውሃ ይሰጣል፤ 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ሊትር ነው። ይልቅ የሚያሰጋው ርካሹን ፓምፕ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ መትከል ነው፤ ውሃው ከ7 ሜትር በላይ ከጠለቀ መሳብ ያቅተዋል።